ከታኅሣሥ 29 ቀጥሎ 30 አለ
የመሐል ሜዳ የገና ጨዋታ ከበዓል ወደ ቡድን መሸጋገር ይችላል?

በእግር ኳስ ቋንቋ «መሐል ሜዳ» ጨዋታ የሚሠራበት ቦታ ነው። ኳስ የሚነጠቀው፣ የሚደራጀው፣ ወደ ፊት የሚላከው እዚያ ነው። መሐል ሜዳውን የያዘ ቡድን ጨዋታውን ያዘ ይባላል። በሰሜን ሸዋ ደግሞ መሐል ሜዳ የከተማ ስም ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደረስባት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት።

አካባቢው ስፖርተኛ የሚመኘውን ብዙ ነገር ይዟል። አየሩ ስስ ነው፤ ሳንባ ያሠለጥናል። ልጆቹ ከብት ሲጠብቁ፣ ውኃ ሲቀዱ፣ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ በእግራቸው ይውላሉ። ሜዳም አልጠፋም፤ ገብሱ ታጭዶ ወደ አውድማ ከገባ በኋላ ከግጦሹ ጋር ተያይዞ ዓይን እስኪደክም የሚዘረጋ ሜዳ ነው። የሌለው ምንድነው ቢባል ሐይቅ ነው። የደጋው ውኃ በየገደሉ እየወረደ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል እንጂ አይተኛም። ሐይቅ ስለሌለበት አካባቢ እየተወራ የጀልባ ስፖርት ይነሳል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ባይኖርም፣ ነገሩ ወደዚያው ማምራቱ አይቀርም።

በመንዝ የዓመቱ ትልቅ ጨዋታ የሚታወቅ ነው፤ ገና። ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመው ጾም ሊፈታ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ልጆችና ጎረምሶች ጫፉ የጎበጠ ዱላ ፍለጋ ዛፍ ለዛፍ ይዞራሉ። አንዱ የተፈጥሮ ጉብጠት ያለው ቅርንጫፍ ያገኛል፤ ሌላው እርጥቡን በእሳት አሙቆ፣ አጉብጦ፣ በገመድ አስሮ ያደርቃል። ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከጠፍር የተሠራች ኳስ ትዘጋጃለች፤ እንደየአካባቢው ጥንግ ወይም ሩር ትባላለች። ከዚያ በውርጭ ማለዳ ልምምድ ይጀመራል። በበዓሉ ቀን ላይኛው ሰፈር ከታችኛው፣ አንዱ አጥቢያ ከሌላው ይገጥማል። ወጣት ብቻ ሳይሆን ጎልማሳውም ጋቢውን ጥሎ ይገባል። ጌታ በሎሌው፣ ታላቅ በታናሹ የማይቆጣበት ቀን መሆኑን የሚነግረው አባባል በየቤቱ ይታወቃል። ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ በየደጁ ይዞራል፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ የተሸነፈው ስድቡን ይጠጣል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ ታኅሣሥ 30 ላይ ነው። በማግስቱ ዱላው ከበር ጀርባ ይደገፋል፤ ሰንብቶም ምድጃ ውስጥ ይገባል። ላይኛው ሰፈር የሚባለው ቡድን ይበተናል። ማን አምበል እንደነበር፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተጎዳ የሚመዘግብ የለም። ለሚቀጥሉት 11 ወራት ቡድኑ የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዜሮ ይጀመራል።

የበዓል ጨዋታ ስፖርት የሚሆነው መቼ ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ገንዘብ ሲመደብለት» የሚል ነው። ስታዲየም ሲሠራ፣ ስፖንሰር ሲመጣ፣ ቴሌቪዥን ሲያሳየው። የሌሎች አገሮችን ታሪክ ያየ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆኑን ይረዳል። መጀመሪያ የሚመጣው በበዓሉ ማግስት የሚገናኝ ቡድን ነው። ለዚህ ደግሞ ከዘንዶ ጀልባ የተሻለ ምስክር ማግኘት ይከብዳል።

ዘንዶው ከወንዝ እንዴት ወጣ?

የዘንዶ ጀልባ፣ በፈረንጆቹ አጠራር ድራገን ቦት፣ ልክ እንደ ገና ሁሉ የበዓል ጨዋታ ነበር። ቻይናውያን በራሳቸው የጨረቃ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር፣ በአምስተኛው ቀን ያከብሩታል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ቹ ዩዋን የተባለ ባለቅኔና የመንግሥት ሰው ከ2,000 ዓመት በፊት ለአገሩ በማዘን ራሱን ወንዝ ውስጥ ጣለ፤ የመንደሩ ሰዎችም ሊያድኑት በጀልባ ተሽቀዳደሙ፣ ዓሣ እንዳይበላው ከበሮ መቱ፣ ሩዝ ወረወሩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚያች ቀን መንደር ከመንደር እየተፎካከረ ይቀዝፋል። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ያወጣል፣ የዘንዶ ራስ ይገጥምለታል፣ ይሽቀዳደማል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ከዚያ ጀልባው ለዓመት ይቀመጣል። ከመንዝ ገና ጋር ያለው ልዩነት የውኃና የየብስ ብቻ ነበር።

ለውጡ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዚያ ዓመት የሆንግ ኮንግ የቱሪዝም ማኅበር የበዓሉን ውድድር ዓለም አቀፍ አድርጎ አዘጋጀ። ከውጭ የመጡት ከጃፓን ናጋሳኪ የተጋበዙ ቀዛፊዎች ሲሆኑ የገጠሙትም ከሆንግ ኮንግ ዓሣ አጥማጆች ጋር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ደንብ ያስፈልጋል። ጀልባው ምን ያህል ይርዘም? ስንት ሰው ይጫን? ርቀቱ ስንት ይሁን? እየቆየ የአሁኑ መልክ ወጣ፤ 12 ሜትር ተኩል ገደማ በሚረዝም ጀልባ ሁለት ሁለት ሆነው በአሥር ረድፍ የሚቀመጡ 20 ቀዛፊዎች፣ ከፊት አንድ ከበሮ መቺ፣ ከኋላ አንድ መሪ። እ.ኤ.አ. በ1991 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። በ2009 የቻይናው በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2010 ስፖርቱ በጓንግዡ የእስያ ጨዋታዎች ላይ ሜዳልያ የሚሰጥበት ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። ይህን ስፖርት በዓለም ያዞሩት ደመወዝተኛ ስፖርተኞች አይደሉም። አማተሮች ናቸው።

የአማተር ቡድን ኑሮ

በቶሮንቶም ሆነ በሲድኒ የአንድ ተራ የዘንዶ ጀልባ ቡድን አባል ቀን ነርስ፣ መምህር፣ ሹፌር ወይም የባንክ ሠራተኛ ነው። ከሥራ ሲወጣ ልብሱን ቀይሮ ወደ ውኃው ይሮጣል። የጀልባው ኪራይ፣ የመቅዘፊያው ዋጋ፣ የውድድሩ መመዝገቢያ ከየአባሉ ኪስ በመዋጮ ይወጣል። ውኃው በረዶ በሚሠራበት ወራት ቡድኑ አይበተንም፤ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ ጡንቻውን ያጠናክራል። ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ የሚያገኘው ሽልማት ብዙ ጊዜ ከአንገት የምትንጠለጠል ሜዳልያና አብሮ የሚበላ ምሳ ነው።

በዚያ ጀልባ ውስጥ ኮከብ ተጫዋች የለም። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ሁለቱ ምቱን ይሰጣሉ፤ ከመካከል ከበድ ያሉትና ጉልበተኞቹ ይሆናሉ፤ የኋለኞቹ በተናወጠው ውኃ ውስጥ ምቱን ሳይስቱ መያዝ አለባቸው። ጀልባው እንዳያጋድል የግራና የቀኝ ተቀማጮች ክብደት ይመዛዘናል። 20ው መቅዘፊያ እኩል ገብቶ እኩል መውጣት አለበት። ደካማ ቀዛፊ ጀልባውን ትንሽ ያዘገየዋል፤ ከምቱ የወጣ ጉልበተኛ ግን ሁሉንም ያደናቅፋል። ስለዚህ ቡድኑ ከጉልበት ይልቅ አለመቅረትን ይፈልጋል። 20 ሰው በሚጠበቅበት ቀን 13 ከመጣ ጀልባው ይጎድላል፣ ሚዛኑ ይዛባል፣ የመጡት 13ቱ ማታቸውን በከንቱ ያሳልፋሉ። የቀረ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም።

ምን ያህል ሊያስተሳስር እንደሚችል ሁለት ማስረጃዎች ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በካናዳ ቫንኩቨር ዶን ማኬንዚ የተባሉ የስፖርት ሐኪም በጡት ካንሰር ታመው የታከሙ 24 ሴቶችን ሰብስበው ጀልባ ላይ አወጡ። በጊዜው የነበረው የሕክምና ምክር እነዚህ ሴቶች ክንዳቸው ያብጣል ተብሎ ስለሚፈራ ከባድ የክንድ ሥራ እንዳይሠሩ የሚከለክል ነበር። ሴቶቹ ቀዘፉ፤ የተፈራው አልደረሰም። ዛሬ በብዙ አገሮች ከዚያ ሕመም የተረፉ ሴቶች የየራሳቸው ቡድን አላቸው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2018 በኢንዶኔዥያ በተደረገው የእስያ ጨዋታዎች የታየው ነው። ሰሜንና ደቡብ ኮርያ ሴቶቻቸውን በአንድ ጀልባ አስቀመጡ። አብረው የሠለጠኑት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። የ500 ሜትሩን ወርቅ ወሰዱ፤ የተባበረ የኮርያ ቡድን በእንዲህ ያለ ታላቅ የብዙ ስፖርቶች መድረክ ያገኘው የመጀመሪያ ወርቅም ሆነ። ፖለቲካው እርቅ አወረደ ማለት አይደለም። ነገር ግን በአንድ ከበሮ መቅዘፍ የሚቻል መሆኑ ታየ።

እንግዲህ የበዓሉን ጀልባ ስፖርት ያደረጉት ሦስት ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል። አንደኛ ልክ፤ ጀልባው፣ ርቀቱ፣ የሰው ቁጥሩ ተወሰነ። ሁለተኛ የቀን መቁጠሪያ፤ ከበዓሉ ውጪ የሚገናኙበት ቀን ተቆረጠ። ሦስተኛ የስም ዝርዝር፤ ማን አባል እንደሆነና ማን እንደቀረ የሚታወቅበት መዝገብ ተከፈተ። ከሦስቱ አንዱም ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

ገና ከሦስቱ የትኛው አለው?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነገር በአብዛኛው ተሠርቷል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከቀስት፣ ከፈረስ ጉግስ፣ ከፈረስ ሽርጥ፣ ከኩርቦ፣ ከሻህ፣ ከቡብና ከሁሩቤ ጋር ደንብ አውጥቶለት ያወዳድራል። የሜዳው ስፋት፣ የተጫዋቹ ቁጥር፣ የዳኛው ሥልጣን በወረቀት ላይ ሰፍሯል። በየዓመቱ ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች የሚገናኙበት የባህል ስፖርቶች ውድድርና ፌስቲቫልም አለ። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን ደንቡ ያለው ላይ ነው፤ ጨዋታው ያለው ታች ነው። በመካከላቸው ያለው መሐል ሜዳ ባዶ ነው። ክልል ወደ አገር አቀፍ ውድድር ሲጠራ ከየቦታው ተጫዋች ይመረጣል፣ ሆቴል ይገባል፣ ጥቂት ልምምድ ይሠራል፣ ይወዳደራል፣ ዋንጫ ይዞ ወይም ሳይዝ ይመለሳል፣ ይበተናል። ገጠር ውስጥ ያለው ደግሞ ያለ ደንብ፣ ያለ ዳኛ፣ ቁጥሩ ባልታወቀ ሰው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጫወታል። ላይኛው የሥራ መርሐ ግብር ነው፤ ታችኛው ድግስ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው በየሳምንቱ የሚገናኝ ክለብ ወይም የሰፈር ቡድን በብዙ ቦታ የለም።

ይህን ክፍተት ሌሎች እንዴት ሞሉት ለሚል፣ ከዘንዶ ጀልባ ይልቅ ለገና የሚቀርብ የሥጋ ዘመድ አየርላንድ ውስጥ አለ። ኸርሊንግ ይባላል፤ በእንጨት ዱላ ትንሽ ኳስ የሚመታበት ጨዋታ ነው። ጥንት አንድ መንደር በሙሉ ከሌላው መንደር ጋር ሜዳና አጥር ሳይለይ ይጋጠምበት ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1884 ተርልስ በተባለች የገጠር ከተማ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበርን መሠረቱ። ደንብ ጻፉ፤ ክለቡንም በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ልክ አደራጁ። አንድ አጥቢያ፣ አንድ ክለብ። ዛሬ የአገሪቱ የፍጻሜ ጨዋታ ከ82,000 በላይ ሰው በሚይዘው በዳብሊን ክሮክ ፓርክ ይደረጋል፤ ተጫዋቾቹ ግን አሁንም አማተር ናቸው። እሑድ በዚያ ስታዲየም ዋንጫ ያነሣ ሰው ሰኞ ጧት ክፍል ገብቶ ያስተምራል፤ ወይም ላሙን ያልባል።

ነጥቡ አጥቢያ የሚለው ቃል ላይ ነው። መንዝ አጥቢያ የማይጠፋበት አገር ነው። ገበሬው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ከስሙ ቀጥሎ ደብሩን ይጠራል። አየርላንዳውያን ክለባቸውን የተከሉበት አፈር በመንዝም አለ።

ኢትዮጵያውያን ራሳቸው አያውቁበትም እንዳይባል ደግሞ የሰሜን አሜሪካው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 በሂውስተን የተጀመረው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የእግር ኳስ ውድድር ሲመሠረት ተጫዋቾቹ ስደተኞች ነበሩ። ታክሲ የሚነዱ፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ ማታ የሚማሩ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ እየተገናኙ ቡድን አቆሙ። ዛሬ በየዓመቱ በሐምሌ 4ቱ የአሜሪካ በዓል ሰሞን ከየከተማው ሺዎችን የሚሰበስበው ዝግጅት ሥሩ ያ የቅዳሜ ልምምድ ነው። በዓሉ የቆየው ቡድኖቹ ዓመቱን ሙሉ ስለቆዩ ነው።

እድሩ እያለ ቡድኑ ለምን ጠፋ?

ለመሆኑ አማተር ቡድን ማለት ምንድነው? አባል አለው፣ መዋጮ አለው፣ የስብሰባ ቀን አለው፣ የቀረ ይቀጣል፣ ዳኛና ጸሐፊ ገንዘብ ያዥም አለው። ይህን ሲሰማ ማንም የመንዝ ሰው «ይሄማ እድር ነው» ማለቱ አይቀርም። ትክክል ነው። የፈረንጁ አማተር ክለብ ከእድር የሚለየው የሚሰበሰብበት ጉዳይ ብቻ ነው። የጽዋ ማኅበሩ በየወሩ የቅዱሱን ቀን ጠብቆ ይገናኛል፤ አንድም ወር አይዘልም። ወንፈሉ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳል፤ የቀረ ሰው የራሱ ቀን ሲመጣ ብቻውን ይቆማል። ከ20 ቀዛፊዎች መካከል መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለመንዝ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

ምን ይሄ ብቻ! ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ጓሳ አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበት፣ ስሙን ያገኘበት ሣር የሚበቅልበት ሰፊ የውርጭ ምድር ነው። ሕዝቡ ያን ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይጠቀምበታል። እንዳያልቅ ግን ከጥንት ጀምሮ የራሱን ደንብ አውጥቶ፣ ጠባቂ ሽማግሌዎችን መርጦ፣ ለዓመታት ዘግቶ፣ በተወሰነ ቀን ከፍቶ ሲያጭድ ኖሯል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢናጋም ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ አቋቁሞት ጓሳው እስካሁን በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ምድር ነው። ሣርን ለዓመታት ሳይነካ መጠበቅ የቻለ ሕዝብ በየቅዳሜው 20 ልጅ ለመሰብሰብ አቅም ያንሰዋል ማለት አይቻልም።

ሒሳቡንም ማየት ይቻላል። እንበል አንድ የአጥቢያ ቡድን 20 አባላት አሉት፤ እያንዳንዱ በወር 50 ብር ያዋጣል። በወር 1,000፣ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። ዱላው ከዛፍ ነው፤ ጥንጓን የሚጠርብ ሰው አይጠፋም። የሚቀረው ለቁስል መድኃኒትና ፋሻ፣ ለፊሽካ፣ ሁለቱን ወገን የሚለይ ጨርቅ፣ ለእንግዳ ቡድን ዳቦና ሻይ ነው። በአገሪቱ የእግር ኳስ ሊግ ክለቦች በመንግሥት በጀት ላይ ተንጠልጥለው በጀቱ ሲዘገይ ሲንገዳገዱ፣ ሲከፋም ሲፈርሱ ታይቷል። በመዋጮ የቆመ ቡድን ግን ከንቲባ ስለተቀየረ አይፈርስም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚመጣው ከሽማግሌዎች ነው። ገና በደንብ ከታጠረ ለዛው ይጠፋል ይላሉ። ፊሽካ፣ መስመር፣ የተቆጠረ ተጫዋች ከመጣ ጎልማሳው ጋቢውን ጥሎ የት ይገባል? ስጋቱ ውኃ የሚቋጥር ነው። ነገር ግን የሆንግ ኮንግ ዓሣ አጥማጆች የበዓላቸውን ቀዘፋ አልተዉትም፤ በበዓሉ ቀን እንደ አባቶቻቸው፣ በሌላው ቀን እንደ ደንቡ ይቀዝፋሉ። ታኅሣሥ 29 እንደ ጥንቱ ይሁን፤ ከ30 ጀምሮ ያለው ነው ደንብ የሚፈልገው።

ሁለተኛው ከወጣቶቹ ነው። እግር ኳስ እያለ ገናን ማን ይፈልጋል? እውነት ነው፤ በየወረዳው ከተማ ቅዳሜ ከሰዓት በዲኤስቲቪ ቤቶች አግዳሚ ላይ አርሴናልና ማንቸስተር ሲጫወቱ መቀመጫ አይገኝም። ግን እዚያ የተቀመጠው ወጣት ተጫዋች አይደለም፤ ተመልካች ነው። ከፍሎ ያያል፣ ይጨቃጨቃል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለ ኸርሊንግም እግር ኳስ ይውጠዋል ሲባል ብዙ ዘመን አልፏል። ሰው ለሚያየው ቡድንና ለሚጫወትበት ቡድን ያለው ስሜት የተለያየ ስለሆነ ሁለቱም ኖሩ።

ሦስተኛው ጉዳት ነው። የእንጨት ጥንግ ጥርስ ያወልቃል፣ ቅልጥም ይሰብራል። ይህ ተቃውሞ እንዲያውም ለቡድን የሚከራከር ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ ያለ ልምምድ፣ ጠላ ተጠጥቶ፣ ቁጥሩ በማይታወቅ ሰው መካከል ዱላ ከመወዛወዝ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ የተለማመደ፣ ዳኛ ያለውና ዱላውን ከትከሻ በላይ የማያነሣ ተጫዋች ሰው የመጉዳት ዕድሉ ያንሳል። የቡድን ልምምድ ካለ ደግሞ ከዳር ቆመው ሲያዩ ለኖሩት ሴቶች ልጆችም በር ይከፈታል። በዘንዶ ጀልባ ወንድና ሴት ተደባልቀው የሚቀዝፉበት ምድብ አለ።

አራተኛውና ከባዱ ሰላም ነው። የሰሜኑ ጦርነት በኅዳር 2014 ዓ.ም. እስከ ሰሜን ሸዋ ወርዶ ነበር። ያ ቁስል ሳይደርቅ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁ ካበቃ በኋላም ግጭቱ አላበቃም። መንገድ ሲዘጋ እንኳን ለጨዋታ ለሕክምናም መንቀሳቀስ ይቸግራል። ዱላ ይዘው የተሰበሰቡ 20 ጎረምሶች በሰላም ቀን ቡድን ናቸው፤ በክፉ ቀን ግን በሌላ ዓይን ሊታዩ ይችላሉ። ይህን የሚዘነጋ የስፖርት ትንተና በአየር ላይ የተሠራ ቤት ነው።

ይሁንና ነገሩ ሌላም ገጽ አለው። ግጭት በበዛበት አገር ወጣቱን የሚፈልገው ብዙ ነው። ሥራ የሌለው፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ ከሰፈሩ ወዲያ የሚሄድበት የሌለው ልጅ የሚቀበለው ቡድን ይፈልጋል። ስሙ የተጻፈበት፣ ሲቀር «ምነው ቀረህ?» የሚባልበት ቦታ። ያን ጥያቄ የሚጠይቀው የአጥቢያው የገና ቡድን ካልሆነ የሚጠይቀው ሌላ አይጠፋም። ስለዚህ «ሰላም ሲመጣ እናደራጃለን» ማለት ያስኬዳል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ከወረዳ ወረዳ የሚደረገው ውድድር ይቆይ፤ በአንድ አጥቢያ ግቢ አጠገብ፣ በሽማግሌ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ የሚደረግ የሰፈር ልምምድ ግን የሚቻልበት ቦታና ቀን አለ። በተቻለበት ይጀመር።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከፌዴሬሽኑ የሚጠበቀው ዋንጫ አይደለም። ያወጣውን የገና ደንብ ገበሬ በሚያነበው ቀላል አማርኛ በሁለት ገጽ አሳጥሮ ለየወረዳው ማድረስና በየአካባቢው ጥቂት ዳኞችን ማሠልጠን ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ባህልና ስፖርት በአንድ ሚኒስቴር ሥር ስለሆኑ ገናን «የባህል ነው»፣ «የለም የስፖርት ነው» እያሉ ወደ ሌላ ቢሮ የሚገፉበት ምክንያትም የለም። ከወረዳው የሚጠበቀው የግጦሹን አንድ ጥግ ለጨዋታ መተው ነው። ከትምህርት ቤቶች የሚጠበቀው በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ዱላውን ማስገባት ነው።

ዋናው ግን ከራሱ ከአጥቢያው ነው። ዘንዶውን ከወንዝ ያወጣው በየሳምንቱ ከቀረበት ውሎ ተነሥቶ መቅዘፊያውን ይዞ የሚመጣው 20ኛው ሰው ነው። 19 ሆነው ቢቀሩ ጀልባው ያጋድላል። የመሐል ሜዳም ጨዋታ እንደዚያ ነው። በመጪው ታኅሣሥ 29 ማሸነፍና መሸነፍ ይኖራል፤ ዳቦም ይቆረሳል። ዳቦው ሳያልቅ አንድ ሰው ደብተርና እስክሪብቶ አውጥቶ የተጫወቱትን ስም ቢጽፍ፣ ቀጥሎም «ቅዳሜ ስንት ሰዓት?» ብሎ ቢጠይቅ ነገሩ ተጀመረ ማለት ነው። ዱላው በዚያ ሳምንት ምድጃ ውስጥ አይገባም።